ባቡር የሌለው የባቡር ጉዞ

ባለፈው ጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ፣ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት የሚያዘጋጀውንና የአሮጌውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ የሚከተለውን የሦስት ቀን ጉብኝት ተጉዤ ነበር። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው ጥፋቱን ለመሸፈን ብዬ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማዘጋጀት የሚያስቡ ሌሎችም ስለሚኖሩ የምጽፈው ነገር ለአንዱ ብቻ የተባለ እንዳይመስል ነው። ለአንድ ሰው 14,500 ብር ከፍለናል። በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሚኒባስ መጓጓዣ፣ የሁለት ሌሊት መኝታ፣ ቁርስና ምሳ፣ የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚዎች አበል መካተቱ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። እራት በራስ ነው፤ ጉዞው የሚያልቀው ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ መመለሻውም በራስ ነው። ገንዘቡ ይቆጭህ እንደሆነ ብጠየቅ መልሴ እንደየቀኑ ይለያያል። ለመጀመሪያው ቀን አዎ፣ ይቆጨኛል፤ ለሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን እጥፉን ቢሉኝም እከፍል ነበር።

የተገናኘነው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ በለገሃር፣ በአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ተጓዦቹ አሥራ አንድ ነን። አስጎብኚያችን ትሑት፣ ሰዓት አክባሪና ለሰው አሳቢ ወጣት ቢሆንም የሚነግረንን ሁሉ ከስልኩ ላይ ያነብ ነበር፤ ማንበቡ ባልከፋ፣ ከጽሑፉ ውጭ የሆነ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመስመሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ መስጠታቸውን፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን፣ ከፊታችን የቆመው ሕንጻ ደግሞ ከዚያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ በኅዳር 1922 ዓ.ም. መመረቁን በቅደም ተከተል አሰማን። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጠላት ከተማዋን ሊይዝ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ መውጣታቸውንም አልዘነጋም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እነዚህን ዓመተ ምሕረቶች ቤቴ ቁጭ ብዬ ላነባቸው እችል ነበር። እኔ ከቦታው የፈለግሁት ትኬት የሚቆረጠው በየትኛው መስኮት እንደነበር፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተጓዥ በየት በር ይገባ እንደነበር፣ ሸክም ይዞ የመጣ ባላገር ሻንጣውን የት ያስመዝን እንደነበር ነው። በለገሃር የቆየነው ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ከዚያ ውስጥ አሥሩ ፎቶ ለመነሳት ዋለ።

ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ከሚያልቅበት፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እንኳ በሩቁ አይተነው ነው ያለፍነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል የተሠራው፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ያቆመው፣ ኋላም ወደ ቦታው የተመለሰው ይህ አንበሳ ከጣቢያው የማይተናነስ የራሱ የጉዞ ታሪክ ነበረው። «ላ ጋር» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፣ ትርጉሙ «ጣቢያው» የሆነው፣ በእኛ አፍ ለገሃር ሆኖ የታክሲ ረዳት ሲጣራበት ይውላል፤ ከሚጠሩትና ከሚሳፈሩት መካከል ቃሉ ባቡር የሚያሰማው ሰው ግን ስንት ይሆን? በአካባቢው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፊ የግንባታ እቅድ ስለተያዘለት ቦታውን በአሮጌ መልኩ ማየት የሚሻ ሰው ባይዘገይ ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ጉድለት የመጣው ከለገሃር ስንወጣ ነው። የአሮጌው መስመር ጣቢያዎች በአቃቂ፣ በደብረ ዘይት፣ በሞጆና በናዝሬት በኩል ተሰልፈው ሳለ (ከተሞቹን በዱሮ ስማቸው የምጠራው የጣቢያዎቹ ስም ያ ስለነበረ ነው) ሚኒባሱ በቀጥታ ወደ ፈጣኑ የክፍያ መንገድ ገባ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ሰዓት ለመቆጠብ» ተባልን። በዚህ ዓይነት የአሮጌውን ሀዲድ ለመከተል ገንዘብ የከፈልን አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ድረስ አንድ ዘንግ ሀዲድ እንኳ ሳናይ ደረስን። ሹፌሩ ሰው ነውና ለምነነው ወለንጪቲን ካለፍን በኋላ መንገድ ዳር አቆመልንና፣ ሀዲዱ ከጉልበት በሚደርስ ሣር ተውጦ ባለበት ቦታ ጥቂት በእግራችን ሄድን። ሀዲዱ የተቀመጠበት አግዳሚ ብረት ነው፤ እንጨት ያልተደረገው ምስጥ ስለሚበላው ነው። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ በመሆኑ አንድ እግሬን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አድርጌ ስቆም ያ ሁሉ ሰውና ጭነት በዚህች ጠባብ መንገድ ማለፉ ገረመኝ። በመሃሉ በብዙ እግር የተደለደለ ቀጭን መንገድ ተሠርቷል፤ ፍየል የሚነዳ አንድ ልጅ እኛን እያየ፣ እኛም እሱን እያየን ተላለፍን።

ከመተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ አስጎብኚው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። እኔ ግን እዚያ ጋ ግማሽ ሰዓት መቆም ነበረብን እላለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ መስመር ታሪክ ድርጅትና መንግሥት ብቻ ሳይሆን ውኃም የጻፈው ነው። ሐይቁ ከ1950ዎቹ ወዲህ ስፋቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ስላደገ የአስፋልቱም የሀዲዱም መደብ ደጋግሞ ከፍ መደረግ ነበረበት። ዛሬ ከመኪና መስኮት ሲታይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ያ ጨዋማ ውኃ ተያይዘው ይታያሉ።

አዋሽ ሰባት ላይ ግን ፕሮግራሙ ልክ ሠርቷል። በመስመሩ የመጀመሪያ ዘመናት የመንገደኛ ባቡር የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት አዋሽ ያድራል። ከጣቢያው ጎን ያለው የአዋሽ ቡፌ ሆቴል የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው። የእኛም ቡድን እዚያው አደረ፤ ለዚህ ምርጫ ድርጅቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ሰፊው በረንዳ፣ የተንዠረገገው አበባ፣ ማታ ማታ ከሀዲዱ ወዲያ የሚጮኸው ጅብ፣ ጧት ደግሞ ባዶውን የጣቢያ መድረክ እያዩ የሚጠጣው ቡና፣ ስለ ዱሮ ተጓዥ ሕይወት ከስልክ ላይ ከተነበበልን ሁሉ የበለጠ ነግሮኛል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዓይን ሳይወድ በግድ ወደ ሀዲዱ ይሄዳል፤ አንድ ነገር የሚመጣ ይመስላል። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ በራሱ ሳቀ።

እዚሁ አዋሽ ላይ የታለፈ አንድ ነገር ግን አለ፤ በቀላሉ ይቅር ልለው አልቻልኩም። በጥር 1977 ዓ.ም. ከከተማዋ አቅራቢያ ባለው ድልድይ መታጠፊያ ላይ አንድ የመንገደኛ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከተመዘገቡት አደጋዎች እጅግ የከፋው ይህ ነው። እኛም የደረስነው በዚያው በጥር ወር፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነበር። አስጎብኚው ስለ ድልድዩ ውበት፣ ስለ ሸለቆው ጥልቀት፣ ስለ ፎቶ አነሳሱ ነገረን፤ ስለ አደጋው ግን ትንፍሽ አላለም። ከመካከላችን አንዲት በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት፣ «እዚህ ነው አይደል ልጄ ሰው ያለቀው?» ብለው ሲጠይቁት ደንግጦ «አዎ እማማ፣ ይመስለኛል» አለና ዝም አለ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩቁ አማተቡ። ጉብኝት የሚሸጥ ድርጅት ተጓዡን ላለማሳዘን ብሎ ይህን መተዉ ሊገባኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሰው የሞተበትን ቦታ እንደ ፎቶ ዳራ ብቻ መሸጥ ነውር ነው።

በሁለተኛው ቀን ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ያለው መንገድ የሚያወጣው በጭሮና በሂርና ተራሮች በኩል ነው፤ ሀዲዱ ደግሞ ከታች በቆላው፣ በአሰቦት፣ በሚኤሶ፣ በአፍደም፣ በኤረርና በሁርሶ ይሄዳል። ስለዚህ ከሚኤሶ በኋላ መኪናና ሀዲድ ይለያያሉ፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ምድሩ ነው። ሆኖም በዱሮ ተሳፋሪ ልብ ውስጥ የቀረው መስመር ያ የቆላው መስመር ነው፤ ባቡሩ ኤረር ሲቆም ብርቱካን በቅርጫት፣ ሌላው ጋ የግመል ወተት፣ ሌላው ጋ የተቀቀለ እንቁላልና በርበሬ በመስኮት ይቀርብ እንደነበር ዕድሜያቸው የደረሰ የድሬ ሰዎች ሁሉ ያወሩታል። ለእኛ የቀረበልን ምሳ በመንገድ ዳር ሆቴል የተበላ ጥብስ ነበር። ጥብሱ ደህና ነው።

ድሬዳዋ የገባነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ለከተማው የእግር ጉዞ የተሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ባቡሩ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ሳለ ተራራው አስቸጋሪና ወጪው ከባድ በመሆኑ መስመሩ ከታች በሜዳው ቀረ፤ ሀዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ከዚህ ሜዳ ላይ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ በቀለች፤ ያች ድሬዳዋ ናት። ገንዘቡ አልቆ የመጀመሪያው ኩባንያ በ1899 ዓ.ም. ስለከሰረና ሌላ ኩባንያ እስኪተካው ሥራው ስለቆመ፣ ድሬ ለዓመታት የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች፤ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ እዚህ መከተማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያው በቀጥታ መስመር የቀየሰው የከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ተዘርግቶ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ደግሞ የመጋላ ሰፈር እንደ ልቡ ጠመዝማዛ ሆኖ ስታዩት ሁለት ዓይነት ከተማ መሆኑ ወዲያው ይገባችኋል። ደቻቱ በጥር ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት መጥረጉን ያላወቀ እንግዳ ግን ያንን አሸዋ አይቶ ምንም አይጠረጥርም። በእግር ጉዞው ቅሬታ የለኝም። ማታ ከቡድኑ አምልጠን በፈጢራ እራታችንን በላን፤ እንቁላሉ በጠርዙ የተጠበሰ፣ ማሩ ለብቻው በትንሽ ሳህን የቀረበ ነበር። ከሦስቱ ቀን ምግብ ሁሉ የላቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ አሮጌው ጣቢያና ወደ ጥገና ግቢው ገባን። በፕሮግራሙ ላይ «የባቡር ጋራዥ ጉብኝት፣ 50 ደቂቃ» ይላል፤ በማን እንደሆነ አይናገርም። በር ላይ የጠበቁን ሰው ሰባዎቹን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ የዱሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» አልናቸው፣ እሳቸውም ስማቸውን ሳይሆን ሥራቸውን ነገሩን። ሠላሳ አራት ዓመት ቶርኖ ላይ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ ሠርተዋል። አባታቸውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ያገለገሉ ስለነበሩ ራሳቸውን የሚጠሩት «የሸማንደፈር ልጅ» ብለው ነው። ይህን ቃል ከድሬዳዋ ውጭ ያለ ወጣት ላይሰማው ይችላል፤ «ሽመን ደ ፌር» ማለት በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ሲሆን በድሬ አፍ ግን መሥሪያ ቤቱንም፣ ሠራተኛውንም፣ የሠራተኛውን ኑሮና ክብርም ያጠቃልላል። ጋሼ ቁጥር ሲጠሩ ፈረንሳይኛ ይቀድማቸዋል፤ የበሩ ጠባቂ ከኋላ ሲጠይቃቸው በኦሮምኛ ይመልሱለታል፤ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ሲቀጥሉ ካቆሙበት አንዲት ቃል እንኳ አትጠፋቸውም።

ግቢው ትልቅ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ረጃጅም አዳራሾች፣ በጣሪያው ሥር የተዘረጉ ዘንጎች፣ ከዘንጎቹ ወደ ታች ማሽኖቹን ያንቀሳቅስ የነበረ ቀበቶ የሚዞርባቸው ጎማዎች፣ በየማሽኑ ደረት ላይ የፋብሪካው ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። ከውጭ የቆሙት ፉርጎዎች ቀለማቸው በፀሐይ ተልጦ የአውራሪስ ቆዳ መስሏል። መስመሩ በ1940ዎቹ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ሲሸጋገር ሙያውም አብሮ መለወጡን፣ ትልልቆቹ የእንፋሎት ባለሙያዎች «እሳት የሌለው ባቡር ባቡር አይደለም» እያሉ አዲሶቹን ይንቁ እንደነበር ጋሼ ከአባታቸው የሰሙትን አወሩን። አንድ ሜትር ስፋት ላለው መስመር የሚሆን መለዋወጫ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የጎደለው ብረት እዚሁ ቀልጦ፣ እዚሁ ተቀርጾ፣ እዚሁ በቶርኖ ተስተካክሎ ይገጠም ነበር። አዲሱና በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በዚህ ግቢ ያለው ጎማ፣ መለኪያና ቅርጽ ማውጫ አንዱም ለእሱ አይሆነውም። ጋሼ ይህን ያሉት በቁጭት ሳይሆን እንደ ልብስ ሰፊ፣ «ልኩ አይደለማ» ብለው ነው።

ከዚያ አንድ ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ መዶሻ አነሡና ከቆመ ፉርጎ አጠገብ ተንበረከኩ። ባቡር ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ጎማ በመዶሻ ይመታና በድምፁ ይመረመር ነበር። መቱት፤ ጥርት ያለ፣ ረዘም ብሎ የሚቆይ ድምፅ ወጣ። «ይሄ ደህና ነው» አሉን። ቀጥለው ወደ ሦስተኛው ጎማ ሄደው ሲመቱት ድምፁ አጭርና ደረቅ ሆኖ እዚያው ሞተ። «ገበያ ሄዳችሁ ድስት ስትገዙ አንኳኩታችሁ አይደል የምትገዙት? ጀበናስ? እናቶቻችሁ ያስተማሯችሁ ነው። የተሰነጠቀ ነገር አይዘፍንም።» እማማ እዚህ ጋ በጣም ሳቁ። መዶሻዋን ተራ በተራ ሰጡን፤ እኔ ስመታው ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ጋሼ እጄን ይዘው እጀታውን ላላ አድርጌ እንድይዘው አሳዩኝ፤ አጥብቆ የያዘ ሰው የራሱን እጅ ይሰማል እንጂ ብረቱን አይሰማም አሉኝ። በሁለተኛው ሙከራ ልዩነቱን ሰማሁት። ከሦስቱ ቀን ውስጥ ስለ ባቡር አንድ ነገር በእጄ የተማርኩት ያኔ ብቻ ነው።

በአዳራሹ ጥግ በግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በጠመኔ የተጻፈ የሎኮሞቲቭ ቁጥሮች ዝርዝር አለበት፤ ከየቁጥሩ ጎን ምን እንደተበላሸ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተደባልቆ ሰፍሯል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፣ ብልሽቱ አልተሞላም። ጋሼ ለዚያ ሰሌዳ ማብራሪያ ሊሰጡ ሲጀምሩ አስጎብኚያችን ሰዓቱን አየ። ሃምሳ ደቂቃው አልቋል። ስለ ተሳፋሪዎቹ መጠየቅ የቻልኩት ወደ በሩ እየሄድን ነው፤ ከጅቡቲ በኩል ልብስና ሽቶ ያመጡ ስለነበሩ ሴቶች ስጠይቃቸው ቆም ብለው ሳቁ። «ስትሄድ ቀጭን ናት፣ ስትመለስ ወፍራም ናት፤ ስድስት ቀሚስ ደርባ። ፈታሹም ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። አቦ፣ የድሬ ልጅ ስንቱ በዚያ ቀሚስ ተምሯል!» የባቡሩ ሰዓት ሲደርስ የከተማው ሰው ዘመድ ቢኖረውም ባይኖረውም ጣቢያ ይወጣ እንደነበር፣ ወጣቱ ለብሶ የሚታይበት ቦታ ያ እንደነበር መናገር ጀምረው ሳለ የሚኒባሱ ጡሩምባ ተሰማ።

ፕሮግራሙ ከጋራዡ ቀጥሎ የያዘው የገበያ ጊዜ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ። ስለ አንድ የሙያ ዘመን ለማወቅ ሃምሳ ደቂቃ፣ ባትሪ ቻርጀር ለመግዛት ግን የዚያ እጥፍና ከዚያ በላይ። እኔና ጓደኞቼ ገበያውን ትተን ወደ ግቢው ተመለስን፤ ጋሼ ግን ለሌላ ጉዳይ ወጥተው አላገኘናቸውም።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ለድርጅቱ ደውዬ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ጊዜውን ስለማራዘም ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ አብዛኛው ተጓዥ ሙቀቱን እንደማይችልና ማሽን ማየት እንደሚሰለቸው ነው። ይህ ከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፣ ከመካከላችንም ሁለት ሰዎች ጥላ ፈልገው ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን የአሮጌ ባቡር ጉብኝት ገዝቶ በባቡር የሚሰለች ሰው ካለ ችግሩ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ በፕሮግራሙ ላይ «የአስጎብኚዎች አበል» ተብሎ የተጻፈው ለጋሼ ይደርሳቸው እንደሆነ ነበር። አይደርሳቸውም። እሳቸው «በተጓዡ በጎ ፈቃድ» እንደሚስተናገዱ ተነገረኝ፤ ይህ ግን የትም አልተጻፈም፣ አስጎብኚውም አላስታወሰንም፣ ስለዚህ ከአሥራ አንዳችን የሰጠነው አራታችን ብቻ ነን። ለዚህ ጉዞ ያለኝ ትልቁ ወቀሳ ይኸው ነው። ሕንጻው ራሱን መናገር አይችልም፤ ለገሃርን ያየነው በዝምታ ነው። የጉብኝቱን ዋጋ የሚያወጣው ሰው በዋጋው ውስጥ የለም።

ለመመለስ አዲሱን ባቡር ያዝን። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ለመድረስ ማልዶ መነሳትና ባጃጅ ወይም መኪና ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሚኤሶ አካባቢ ስንደርስ ለአፍታ የአሮጌው ሀዲድ መደብ ከጎናችን ታየና ወደ ግራር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። በመስኮት ብርቱካን የሚያቀርብ ሰው የለም፤ ጣቢያዎቹ ከየከተማው ስለራቁ ሻጭም ተቀባይም አይደርስባቸውም። ከአጠገባችን የተቀመጡ ቤተሰቦች ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ነበርና አብረን በላን።

ጉዞውን ለማን እንደምመክር በአጭሩ ልናገር። ለአዋሽ ሌሊትና ለድሬው ማለዳ ብሎ የሚሄድ ሰው አይከፋም፤ ስለ መጀመሪያው ቀን ግን ምንም ተስፋ አያድርግ። የተሻለው መንገድ፣ ጊዜ ያለው ሰው ለገሃርን በራሱ ጊዜ ቢያይ፣ አዋሽ አንድ ሌሊት ቢያድርና ድሬዳዋ ሲደርስ የጥገና ግቢውን ለመጎብኘት ፈቃድ ጠይቆ ከዱሮ ሠራተኞች አንዱን ቢያገኝ ነው፤ ወጪውም እኛ ከከፈልነው ያነሰ ይሆናል። ግቢው ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ቢገቡበት ይመረጣል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት አያስቆምም። የተዘጋ ጫማ ያድርጉ፣ መሬቱ የብረት ብጥስጣሽ አለበት። ድምፅ ለመቅዳት የሚፈልግ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ጋሼ እኛን አልከለከሉንም፣ እንዲያውም መዶሻዋን ከመምታታቸው በፊት «ከፈትከው?» ብለው ስልኬን ጠይቀዋል። ገንዘቡን ደግሞ ለአስጎብኚው ሳይሆን በእጃቸው ይስጧቸው፤ ስለ ጥቁሩ ሰሌዳም ይጠይቁልኝ፣ የመጨረሻዋ ሎኮሞቲቭ ምን ሆና እንደገባች ሳልሰማ ነው የወጣሁት።